የተደፈነችው መስኮት

«ምነው፣ ‹እጅዎ ይባረክ› አይባልም?» አሉ ሽማግሌው ለሳኝ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ።

መሐንዲሷ የእህታቸው ልጅ ደርቃ ቀረች። በአዲሱ ማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ እስከ ትናንት መጽሐፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ዛሬ የለችም።

«ጋሼ፣ መስኮቷስ?»

«ያቺ የሰነፍ ቀዳዳ? ጭዱ ፍጥጥ ብሎ ሲታይ ደርሼ ደፈንኩልሽ። ከእኔ ሌላ ያየ የለም፣ አይዞሽ።»

«እንዲታይ እኮ ነው የተውኳት!»

አርባ ዓመት የሰው ግድግዳ ሲለስኑ ኖረው፣ ምስጋና ሲጠብቁ ይህ መጣባቸው። ፊታቸው ፍም መሰለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልነገርኩዎትም» አለች ለስለስ ብላ። «አካባቢን ለማይጎዳ አረንጓዴ ሕንፃ ለሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሁለት ነጥብ ጎድሎናል። ግድግዳው ከእፅዋት መሠራቱ ከተረጋገጠ እናገኘዋለን። ጭዱ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደመዘነ ወረቀቱ አለኝ። መርማሪው ግን ከሰዓት መጥቶ በዓይኑ ካላየ አይፈርምም። እሱ ካልፈረመ ገንዘቡ አይለቀቅም፣ ሁለተኛው ክፍልም አይሠራም።»

«በጭድ ነጥብ ይሰጣል? በእኛ ጊዜ የሚሰጠው ስድብ ነበር።»

«እናንተማ ‹የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው ያደግነው› ስትሉን አልነበር?»

ሽማግሌው በመለሰኛ ማንኪያቸው ጫፍ ግድግዳው ላይ የሌለ እድፍ መፋቅ ያዙ።

«የጭድና የጭቃ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እናትሽም እዚያው ተወልዳለች። የትምህርት ቤት ልጆች ‹የአህያ ራት› ይሉን ነበር። ከተማ ስገባ በአፌ ድንጋይ አደረግኩት። የጠየቀኝም የለ።»

«ቤቱስ ይመች ነበር?»

«ቀን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል። እውነቱን ልንገርሽና እንደሱ የተኛሁበት ቤት የለም።»

«ታዲያ አራሷም እንደዚያ ትተኛ! ሸክላ ለመተኮስ ስንት እንጨት ይነዳል? ይሄ ጭድ ከአውድማ ተርፎ ሊቃጠል የነበረ ነው። እዚህ ሲታመቅ ጭሱም ቀረ፣ ገበሬውም ሸጦ ተጠቀመ።»

«እሳትስ? አይጥስ? ዝናብስ?»

«ጠቅጥቀን ስላመቅነው ቶሎ አይነድም፣ አይጥም መግቢያ የላትም። ከሥር ድንጋይ አለው፣ ከላይ ሰፊ ክዳን። የቀረውን የእርስዎ ኖራ ይጠብቀዋል።»

ሽማግሌው ኖራ የነካውን መዳፋቸውን አዩ። ለካ በዚያ ሁሉ ዓመት ኖራ ሲደርቡ የኖሩት ሊደብቁት በፈለጉት በእናታቸው ቤት ላይ ነው። እንደ ልጅ አፈሩ። ደግነቱ እጃቸው ከምላሳቸው ይፈጥናል፤ መዶሻ አንስተው ራሳቸው የደፈኗትን ራሳቸው ከፈቱ፣ ጠርዟንም እንደ ሥዕል ክፈፍ አሳምረው ለሰኑት።

መርማሪው መጣ፣ አጎንብሶ አየ፣ ጭዱን በጣቱ ነካ፣ ፈረመ።

«ግሩም ሥራ ነው። አባት፣ የጭድ ቤት ለእርስዎም አዲስ ነው መቼም?»

ሽማግሌው የእህታቸውን ልጅ ሰረቅ አድርገው አዩ።

«የተወለድኩበት ነው» አሉ። «እሱስ ነጥብ የለውም?»