የሰፈሩ ጺም

«ውሃው ዛሬ መጣ አይደል?… ከጠዋት ጀምሮ ሳይቆራረጥ። እንዲያው ደስ ሲል። እስቲ ቀና በልልኝ… እንደሱ። አንገትህን ላላ አድርገው።»

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ላላ አደረገ። ጉንጭና አገጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ተቀምጦ፣ «አዎ መጣ» ለማለት እንኳ የሚያስችል ሁኔታ ላይ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩም መልስ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። የሁለቱ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሰዓት ሠሪው እዚህ ወንበር ላይ ሲላጭ ኖሮ አንድ ነገር ተምሯል፤ ጎረቤቱ በዚህ በለሰለሰ ድምፁ ስለ ውሃና ስለ አየሩ ከጀመረ ነገር አለው ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ነገሩ የት እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለገም። ከኋላቸው አግዳሚው ላይ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ጋዜጣ ገልጦ ተቀምጧል።

ሰውየው የገባው ገና አረፋው ሲቀባ ነበር። በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በጓሮ ዞሮ ነው የመጣው። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ጺሜን ሙልጭ አድርገህ አንሳልኝ፤ ሰው ሳያየኝ ልውጣ» አለና ቁጭ አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ሰዓት ሠሪው ግን ሰማው። ዓይኑን ወደ መስታወቱ ወረወረ። ያ ጺም የሰውየው ብቻ አልነበረማ።

ሰውየው ስሙ የገነነ የፊልም ተዋናይ ነው። ፊልም ሳያውቀው በፊት ግን ከመንገዱ ማዶ ባለው ቴአትር ቤት ንጉሥ ሆኖ ይሠራ ነበር። ያ ቴአትር ቤት አንድ ደንብ አለው፤ ንጉሡን የሚጫወት ሰው ጺሙን ራሱ ያሳድጋል፣ በሙጫ የተለጠፈ አይቀበሉም። ቀድሞ የነበረው ንጉሥ አንድ ምሽት መሐላ ሲምል ጺሙ ተላቆ የያዘው ዋንጫ ውስጥ ገብቶበት፣ ተመልካቹ መጋረጃ እስኪወርድ ድረስ ሲስቅ አመሸ። ከዚያ ወዲህ ነው ደንቡ የወጣው። እናም ይኸው የፊልም ሰው ሰሞኑን ጺም ማስረዘም ሲጀምር ሰፈሩ በሙሉ «ሊመለስ ነው» አለ። አዘጋጁ «እየተነጋገርን ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም፤ ሰፈሩ ግን የአዘጋጁን አፍ ትቶ የተዋናዩን አገጭ አመነ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠብቅበት ምክንያት ነበረው። የቴአትሩ ንግሥት ሚስቱ ናት። ንጉሡ ወደ ፊልም ሲሄድ ቴአትሩ ቆመ፤ እሷም ቤቷ ገባች።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ…» አለ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ። «ስሙን ምን ያደርግልሃል፣ አታውቀውም። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለህ። እናቱን ሲወድ ደግሞ… ሬዲዮ ሲጠይቀው እናቴ፣ ቴሌቪዥን ሲጠይቀው እናቴ። ‹መድረክ እናቴ ናት፣ ጡቷን ጠብቼ ነው ያደግሁት› ይላል። እኔ እንኳ በሰማሁት ቁጥር አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። እንዲህ እናቱን በየአደባባዩ የሚያነሳ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል?… መንገድ ተሻግሮ ‹እንዴት ከረምሽ› ለማለት ብቻ ነው ያልተመቸው። ሥራ ነዋ። ሥራ የበዛበት ሰው ምን ያድርግ?»

ሰዓት ሠሪው በመስታወቱ ውስጥ አየ። ጋዜጣው ትንሽ ከፍ ብሎ ኮፍያውንም ሸፈነ። ሳቁ መጣበትና ሆዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘው፤ ጉሮሮ ላይ ምላጭ ተቀምጦ አይሳቅም።

«ደሞ አያረጅም። ይኼ ነው የሚገርመኝ። እኔና አንተን ተመልከተን እስቲ… አንተ ሽበት፣ እኔ መላጣ። እሱ ግን እኔ መጀመሪያ ፀጉሩን ስቆርጠው ጎልማሳ ነበር፣ ባለፈው ፊልም ባየው ተማሪ ሆኗል። ደብተር በብብቱ ይዞ፣ ቦርሳ አንግቶ። ሲያምርበት! እናቱ ሆና የሠራችው ልጅስ አታምርም?… ታናሹ ናት ይላሉ። የሰው ወሬ ነው እንጂ፣ እናት ከልጇ ታንሳለች እንዴ? ጉንጭህን ንፋ።»

ሰዓት ሠሪው ጉንጩን ነፋ። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ጉንጩን ነፍቶ የሰው ነገር መሸከሚያ መሆኑ አበሳጨው። እሱ ጠብ የማይወድ፣ የተበላሸ ሰዓት ሲያመጡለት እንኳ «ማን ጣለው?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው ነው። አሽሙር ግን ሰሚ ከሌለው ምኑን አሽሙር ሆነ? ጎረቤቱ ዛሬ የሚላጨው ሰው ሳይሆን የሚናገርበት ጆሮ ነው የያዘው።

«ሲያለቅስ አይተኸዋል?… እኔ ሰው እንዲህ ንጹሕ አድርጎ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከዚህኛው ዓይን አንድ ጠብታ፣ ከዚያኛው አንድ ጠብታ፣ እኩል ወርደው አገጩ ሥር ይገናኛሉ። እኔና አንተ ስናለቅስ አፍንጫችንም ይከተላል፣ ያስጠላል። ካላማረ ደግሞ ይደግሙታል አሉ። ‹ቁረጥ› ይባላል፣ ፊቱን ይጠርጉለታል፣ እንደገና ያዝናል። የታደለ ነው እኮ… የተሳሳተውን ሁሉ እንደገና የሚኖር ሰው። እዚያ ማዶማ አንዴ ከአፍህ ከወጣ ወጣ ነው። ለሱ ዓይነቱ ለስላሳ ሰው አይመችም፣ እኔም አልመክረውም።»

ምላጩ ከአገጩ ሥር ወደ ላይ ተሳበ። እጁ እንደ ሁልጊዜው ቀላል ነበር፤ አንደበቱ ሲከብድ እጁ የሚቀለው ነገር ለሰዓት ሠሪው ሁልጊዜ ይደንቀዋል።

«የሰፈሩን ሰው ደግሞ ሥራ ፈት አትበልብኝ። ይኼ ሰው ጺም ጀመረ ተብሎ… እውነቱን ነው የምልህ፣ እንቅልፍ ያጣ አለ። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት በመነጽሯ ላይ መነጽር ደርባ መስኮት ላይ ትውላለች። ልብስ እጥበት ቤት ያሉት ሴቶች ‹ትናንት ጆሮ ግንዱ ላይ ነበር፣ ዛሬ ከአገጩ ጋር ተገናኘ› እየተባባሉ የኔን ሸሚዝ አሳረሩት። አልተቀየምኳቸውም፣ ለጥበብ ነው። የቴአትር ቤቱ ዘበኛ የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት አጠጣው። እኔን ደግሞ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል፣ ‹ምን ቀባህለት፣ እንዴት ፈጠነ?› እያሉ። የጎመን መደብ የያዝኩ ይመስል። አንተስ ብትሆን?… ለሚስትህ ‹ከፊት ነው የምንቀመጠው› ብለሃታል ሲሉ ሰማሁ።»

እውነት ነው፣ ብሏታል። ሰዓት ሠሪው ሚስቱን እንድታገባው የጠየቃት ያንን ቴአትር አይተው ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ ነው። ሰሞኑን ሁለቱም ስለ መቀመጫው እየተከራከሩ እንደገና ወጣት ሆነው ነበር የሰነበቱት። አሁን ይኸው ጺም እዚህ አግዳሚ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሆድ ባሰው።

«ያችም ሚስቴ…» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እና ምላጩ አየር ላይ ቀረ። ድምፁ ያው ነበር፣ ግን ጨዋታው ከውስጡ ወጥቶ ነበር። «ሞኝ ናት። ያ ጺም ብቅ ካለ ጀምሮ ሰው አልሆነችም። ዕቃ ስታጥብ ታወራለች። ‹ጌታዬ፣ በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ልተወው?› ትልና ዝም ትላለች። ሳህኑን ይዛ፣ ውሃው በእጇ እየፈሰሰ። የንጉሡን መልስ ነው የምትጠብቀው። እሱ በነበረበት ጊዜ ከመመለሱ በፊት ትንፋሽ ይወስድ ነበር፣ ያንኑ ያህል ትጠብቅለታለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የራሷን ቃል ትላለች። እንዲህ እያደረገች ቴአትሩን በሙሉ ተወጣችው። አንድ ቀን አሳዘነችኝና መልሱን እኔ አልኩላት… አየችኝ። ‹ተው፣ የሱን ቦታ አትያዝ፤ ይመጣል› አለችኝ። እንግዲህ ባሏ ነኝ እኮ እኔ።»

ሰዓት ሠሪው መልሱን ያውቀዋል። ማን የማያውቅ አለ? የሰፈሩ ልጆች «በር ዝጉ» ሲባሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው «ተዪው፣ ክፍቱን ይደር፤ የሚመጣ አይጠፋም» ነው የሚሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን በሞቀ ፎጣ ጠረገለትና ጨርቁን ከአንገቱ ፈታ። ሰዓት ሠሪው ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሊል ሲል ክንዱ ተያዘ።

«የት ትሄዳለህ? ሽቶ ሳልቀባህ… ቆይ እንጂ፣ ደንበኛዬን ላስቀምጥና እመለስልሃለሁ።» ወደ አግዳሚው ዞረና እጅ ነሳ። «ይምጡ ጌታዬ። ይቀመጡ።»

ይህ «ይምጡ» ሰዓት ሠሪውን ከምላጩ በላይ ሰቀጠጠው። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ተዋናይ ከቴአትር ዘመኑ ጀምሮ «አንተ ወስላታ» ሲለው ነው የኖረው። ሲቆጣውም ሲስመውም ያው «አንተ ወስላታ» ነበር። ተዋናዩም ሳይገባው አልቀረም፣ ኮፍያውን ሲያወልቅ ፊቱ ልውጥ አለ። ከተቀመጠ በኋላ ግን ያ ጺም መስታወቱ ውስጥ ተንዠርግጎ ሲታይ፣ ሰዓት ሠሪው እንደ ልጅ ዓይኑን መንቀል አቃተው። በእውነት የንጉሥ ጺም ነበር። ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ሽበት ጣል ያለበት።

ፀጉር አስተካካዩ አልቸኮለም። ጨርቁን አሰረ። አረፋውን በብሩሹ እያሽከረከረ መታ። ዓይኑ ግን ሽቶ እየጠበቀ በቆመው ጎረቤቱ ላይ ነበር።

«እና ምን እያልኩህ ነበር… አዎ፣ ሚስቴ። ዛሬ ጠዋትም ያው ነች። ስወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ ‹ጌታዬ፣ በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ልተወው?›…»

ብሩሹን ይዞ፣ አረፋው ጣቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሚስቱ የምትጠብቀውን ያህል ጠበቀ።

ሰዓት ሠሪው መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣበትና ከንፈሩን ነከሰ። መስታወቱን አየ። የተዋናዩ ትከሻ ቀጥ ብሏል፣ ደረቱ ትንፋሽ ስቧል፣ ልክ እንደ ድሮው። ከንፈሩ ተከፈተ። «ተ…» የሚል ቅርጽ ይዞ ቆመ። ከዚያ ምንም አልመጣም። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ከወዲያ ወዲህ ሮጠ፣ አንድ ሰው ከጎን ቃሉን የሚያቀብለው ይመስል። ከንፈሩ እንደገና ሞከረና ተከደነ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ይኼኛው እውነተኛ ነበር፣ ማንም አላዘዘውም።

ያኔ ለሰዓት ሠሪው ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለለት። ሰውየው በጓሮ የመጣው ንቆ አልነበረም። ጺሙ አድጎ ነበር፣ ቃሉ ግን አልተመለሰለትም። መድረኩን ፈርቶ ነው። አሳዘነው፣ «እኔ ልንገርህ» ሊለው አሰበ፤ ግን ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ለባለቤቱ መንገር ከሁሉም የባሰ ስድብ መሰለው፣ ተወው። ፀጉር አስተካካዩም አይቷል። ፊቱ ላይ የነበረው ያ የነገር ፈገግታ ጠፍቶ፣ ለቅጽበት በልጁ ላይ የጨከነ አባት መሰለ። ጎንበስ ብሎ ጠበቀው። አሁንም «እሠራለሁ» ቢለው፣ «ረሳሁት፣ አስጠናኝ» ቢለው፣ ሱቁን ዘግቶ ይዞት ወደ ሚስቱ ይሮጥ እንደ ነበር ከአቋቋሙ ያስታውቃል።

ተዋናዩ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣና በመዳፉ ከጆሮው እስከ አገጩ ድረስ ጠረግ አደረገ። አንሳው ማለቱ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ አነሳው። በመቀስ ቀነጠበ፣ አረፋውን ቀባ፣ ምላጩን አነሳ፣ እና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቧጭር፣ እንደ ውድ ዕቃ እየያዘ፣ የንጉሡን ፊት ከሥሩ አወጣው። ጺሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። መስታወቱ ውስጥ ለስላሳ፣ ገረጣ ያለ፣ ዕድሜው የማይታወቅ ፊት ቀረ። ከመንገዱ ማዶ የመድኃኒት ቤቷ እመቤት መነጽሯን እየወለወለች ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ሽቶውን በመዳፉ አፈሰሰና የሰዓት ሠሪውን ጉንጭ መታ መታ አደረገው፤ ድምፁ እንደ ማር ጣፍጦ ነበር።

«በል በሰላም ሂድ፣ ጎረቤቴ። ስለዚያ ስለነገርኩህ ሰው ክፉ ያሰብኩ እንዳይመስልህ፣ እኔ እሱን እመርቀዋለሁ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው። ፊቱን እንዲህ ያለሰለሰለት አምላክ መንገዱንም ያለስልስለት። ለኛም… እዚያ ማዶ ላሉት፣ ለሚስትህ፣ ለዚያች ለኔዋ ሞኝ… ለሱ የሰጠውን ልብ ይስጠን። እሱ ቃሉን እንደ ረሳው፣ እኛም እሱን በቶሎ የምንረሳ ያድርገን። አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጌታዬ።»