ሐይቁ በየትኛው በኩል ነው?

በዚህ በጥር ደረቅ አየር አራስ ልጠይቅ ከመናኸሪያ በሐይቁ ዳር የሚያልፍ ታክሲ ተሳፈርኩ። አንዱ ያስነጥሳል፣ ሌላው ያስላል፤ መስኮቱ ግን ሁሉም ጥርቅም ብሏል። ጉንፋኑን ለሕፃኑ ይዤለት ልሄድ ነው ብዬ መስኮቴን ልከፍት ስል፣ በወዲያኛው መስኮት በኩል የተቀመጡ አዛውንት "ተይ ልጄ! ጉንፋን የሚያመጣው ንፋስ ነው" አሉኝ። አጠገቤ ያለች ነርስ ሳቅ አለች። "አባባ፣ የሚያመጣውስ ቫይረስ ነው። የታፈነና ደረቅ አየር ደግሞ ይመቸዋል፤ ስናስነጥስ የሚወጣው ጠብታ ደርቆ ይቀልና አየር ላይ ይቆያል። እርጥብ አየር ላይ ግን ቶሎ ይወድቃል።" አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና ፈረዱ። "እንግዲያው የሐይቁ በኩል ብቻ ይከፈት። እርጥቡ ያለው እዚያ ነው።"

የሐይቁ በኩል የኔ መስኮት ነበር። ከፈትኩት። ንፋሱ እኔን ሲገርፈኝ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደስ ብሏቸው ያዩኛል። ከፊታችን መንገዱ ተዘግቶ ኖሮ ሾፌሩ አደባባዩን ዞሮ ተመለሰ። "አባባ፣ ሐይቁ ወደ እርስዎ ዞሯል!" ሲላቸው ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ይቆጣሉ ስል፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና መስኮታቸውን ወለል አድርገው ከፈቱት።

"ፍርድ ፍርድ ነው" አሉ። "አንቺ ግን ያንቺን ዝጊው፤ ሐይቅሽ አልቋል።"