ለባቄላ ብናኝ ዝም ያልንበት ቤት

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ዶክተር ዲሪባ፣ የምርምር ጣቢያችን ሠራተኞች በሙሉ፤ ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአሰላ ከተማ ድረስ በዚህ ጭቃ የመጣችሁም አላችሁ፤ ድካማችሁን አይቻለሁ። ያለበሳችሁኝ ጋቢም ያምራል። ንግግር አላውቅበትም፤ የእኔ ሥራ እናንተን ዝም ማሰኘት ነበር። ብደናቀፍ ታገሡኝ።

ዶክተር ዲሪባ አሁን በሁላችሁ ፊት እንዲህ አሉ፦ «ወይዘሮ አፀደ ጡረታቸው ቢደርስም አንድ የአበባ ወቅት ብቻ ይጨምሩልን፤ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው።» አጨበጨባችሁ። እሺ የምል መስሏችሁ ነው። እኔ ግን እሺ አልልም። ምክንያቱንም ይዤው ቤቴ ከምገባ እዚሁ ልንገራችሁ።

አዲስ የገባችሁ ስላላችሁ መጀመሪያ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። የባቄላ አበባ ብናኝ የስኳር ውሃ ጠብታ ውስጥ ሲገባ ቀጭን ክር ያወጣል። አበባው ውስጥ ሲሆን ያ ክር ነው ወደ ታች ወርዶ ፍሬ የሚያስይዘው። ክሩ ሲያድግ በጫፉ በኩል ካልሲየም የሚባል ማዕድን ይገባል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ነው የሚገባው። እድገቱ ሲፈጥን ኤሌክትሪኩ ይበረታል፣ ሲያዘግም ይደክማል፣ ሲቆም ይቆማል። እኛ እሱን ነው የምንለካው። በደጋው ውርጭ የገበሬው ባቄላ አብቦ አብቦ ለምን ሳያፈራ እንደሚረግፍ ለማወቅ ነው ይሄ ሁሉ ልፋት።

ይህን የሰማ ዕለት የብየዳ ክፍሉ ቱፋ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አዮ፣ ታዲያ ከሳጉሬ ገበያ ባቄላ ጭነን እናምጣና መብራት ሲጠፋ ግቢውን እናብራበት!» አዮ ሲል እናቴ ማለቱ ነው። ከልጄ ከደመቀ ጋር አንድ ክፍል ተምረው፣ እኔ ቤት በልተው ነው ያደጉት።

የዚህ ኤሌክትሪክ ነገር ግን እንኳን ግቢ ሊያበራ፣ ሰው ኮሪደር ላይ ሲራመድ ይረበሻል። ከፀጉር የቀጠነውን የመስታወት መርፌ ከክሩ አጠገብ ካስጠጋሁ በኋላ ቱፋ ብየዳውን ያቆማል፣ ወፍጮው ይጠፋል፣ ሬዲዮ ይዘጋል። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ሞተር ሳያስነሱ መኪናውን እየገፉ ከግቢ ያወጡት ነበር። «ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይደረግም» እያላችሁ ስንቴ ተነጫንጫችሁብኝ? ግን ሁልጊዜም ዝም ብላችሁልኛል።

አምና መስከረም ላይ ደመቀ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ቆይቶ ነበር፤ ወሬውም ጠፍቶብኝ ነበር። ያን ሰሞን ግቢው ጸጥ አለ። ገና ዝም በሉ ሳልል ዝም ብላችኋል። ቱፋ ብየዳውን ጭራሽ አልነካውም። ምሳ ቤት ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል። እኔ ሞኟ፣ ሥራዬን አከበሩልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ኤሌክትሪኩን ወረቀት ላይ የሚጽፈው የመሣሪያው ብዕርም እንደዚያን ሰሞን ጥርት ያለ መስመር ጽፎ አያውቅም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ክሩ ሲያድግ በዓይን ይታያል። ዶክተርን ሮጬ ጠራኋቸው። መጡ፣ አዩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ዶክተር፣ ለባቄላ ይለቀሳል እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው። መሐረባቸውን አውጥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ለካ ሁላችሁም ታውቁ ነበር። የደመቀን መሞት ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ አንድ የሳጉሬ ልጅ ለቱፋ ነግሮታል። መርዶ ደግሞ እንዲሁ አይነገርም፤ ዘመድ መሰብሰብ አለበት፣ እህቴ ከአርቦዬ መምጣት አለባት፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል። ጠበቃችሁ። እሷ በገባች ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ በሬን ስከፍት፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ቆማችኋል። ቱፋ ከፊት ነበር። «አዮ» አለኝ።

አልተቀየምኳችሁም። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። እስላም ክርስቲያን ሳትሉ ድንኳኔ ውስጥ አብራችሁኝ ሰነበታችሁ። ይህን ውለታ በምን አቅሜ እመልሰዋለሁ?

ዘንድሮ መስከረም ባቄላው ሲያብብ ግን እንደ ወትሮው መሣሪያው ፊት ተቀመጥኩ። መርፌውን አስጠጋሁ። ግቢው ዝም አለ። ወዲያው እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማን ሞተ? አልኩ በልቤ። ደግሞ ማንን ደብቀውኝ ነው? ወጥቼ አንድ በአንድ ፊታችሁን አየሁ። እናንተ ምንም አታውቁም፤ «አለቀ እንዴ?» ነው ያላችሁኝ። በማግስቱም ሞከርኩ፣ በሳምንቱም ሞከርኩ፤ ያው ነው። እጅ ሲንቀጠቀጥ መርፌው ክሩን ይወጋዋል፤ የተወጋ ክር ደግሞ አያድግም። ዶክተር፣ ዓይኔ ደከመ ነበር ያልኩዎት። ዓይኔስ ደህና ነው። ይህ ሥራ ያለ ጸጥታ አይሠራም፣ እኔ ደግሞ ጸጥታ አልቻልኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ረዳቴ አባይነሽ አለችላችሁ። የመርፌውን መስታወት በእሳት እያለሰለሰች የምትስበው ከእኔ ይልቅ አሳምራ ነው፤ እጇም የረጋ ነው። እሷን እንደ እኔ ዝም በሉላት። እኔ አርቦዬ እህቴ ዘንድ እገባለሁ። ቤቷ ገበያው አፍ ላይ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው በዋጋ ሲጨቃጨቅ ይውላል። ለእኔ እሱ ይሻለኛል።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልቀመጥ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ከቤታችሁ የወጣ ሁሉ በሰላም ይግባ። የገበሬውን ማሳ ከውርጭ ይጠብቅላችሁ። የደመቀን መቃብር እኔ አላውቀውም፤ በእጄ አፈር አላለበስኩትም። ስዳር እናቴ የመረቀችኝ አንድ ምርቃት ነበር፤ ለእኔ አልያዘልኝም። ለእናንተ ይያዝላችሁ።

ልጆቻችሁ ይቅበሯችሁ። አሜን በሉኝ።