የሙሽራ ኪኒን የመሰላት የአፍንጫዬ መድኃኒት

ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅርታ። በሰሊጥ አጨዳ አቧራው መተንፈስ ስለሚከለክለኝ ሐኪሙ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሰጠኝ። አክስቴ ኮርቲዞን እንዳለበት ስትሰማ ነጠቀችኝ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ኮርቲዞን ሲባል ሰው የሚያውቀው ሙሽሮች ለመወፈር የሚውጡትን ኪኒን ነው።

«አንቺ ቀጫጫ፣ ለማን ልትወፍሪ ነው? ሙሽራው ማነው?» አለችኝ። አፍሬ ፊቴን ስሸፍን ይባስ ጠረጠረችኝና እየጎተተች መድኃኒት ቤት ወሰደችኝ።

ባለመድኃኒቷ ሳቀች። «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ይሄ የሚሠራው አፍንጫዋ ውስጥ ነው፤ አያወፍርም። ከታዘዘላት ሳታስበልጥ በየቀኑ ትርጨው። የብልቃጡን ጫፍ ከአፍንጫዋ መሀለኛ ግድግዳ አርቃ ወደ ጆሮዋ በኩል ታዙረው። ከደማት ትምጣ።»

አክስቴ ጉንጬን እያየች መድኃኒቱን መለሰችልኝ። ለማንም ያልነገርኩት ግን፣ ባለመድኃኒቷ «አያወፍርም» ስትል ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።