ጥፍራቸውን ብቻ ያመኑት ሰው

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው፣ በጋራዥ ሰፈር «ጋሽ ጥፍሩ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት መካኒክ፣ ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ይሆናል፣ እኔን ግን እንዳታሳምሩኝ ብለው አስቀድመው ስላስጠነቀቁ፣ ይህ ጽሑፍ በባለቤታቸውና በልጆቻቸው ፊት ተነብቦ፣ የተጋነነው ተሰርዞ የቀረበ ነው። አንባቢው የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም እንዲሆኑ የመረጡትም ራሳቸው ሲሆኑ፣ ምክንያታቸውም አማቼ ስለማይወደኝ አያጋንንልኝም የሚል ነበር።

ጋሽ ጥፍሩ ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። አባታቸው የቆለፉትን በር ተመልሰው የሚነቀንቁ፣ እናታቸውም የገዙትን ክር ጎትተው ሳይፈትኑ በመርፌ የማያስገቡ ሰው ስለ ነበሩ፣ ጥርጣሬን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተው አደጉ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ተምረዋል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የፈተና ጥያቄ ወጥመድ ያለበት ስለሚመስላቸው፣ የሚያውቁትንም ሳይጽፉ ሰዓት እያለቀባቸው፣ ትምህርቱ ብዙ ሳይገፋ ወደ ሙያ ገቡ።

በሙያቸውም ከልጅነት ጓደኛቸው፣ በእርጋታቸው ምክንያት «ቀስ በል» ከሚባሉት መካኒክ ጋር ሆነው አንድ ጋራዥ ከፈቱ። ደንበኞቻቸው አዲስ ሞተር ለመግዛት አቅም የሌላቸው ሹፌሮች ስለ ነበሩ፣ የዘወትር ሥራቸው ያረጀ ሞተር ፈትቶ፣ የሲሊንደሩን ውስጥ በሚሽከረከር የሞረድ ድንጋይ አድሶ፣ አዲስ የፒስተን ቀለበት አልብሶ መግጠም ነበር። ፒስተን ሲመላለስ የሲሊንደሩን ግድግዳ እየበላ ከላይ በኩል ትንሽ እርከን ይተዋል፤ ጋሽ ጥፍሩም የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በግድግዳው ላይ ጎትተው፣ እርከኑ ከያዘባቸው ሞተሩ ብረት ወደሚቦረቡሩበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስፋ፣ ካልያዘባቸው ደግሞ ሞረድ ይበቃዋል ብለው ይፈርዱ ነበር። እንደ መስታወት ያብለጨለጨ ሲሊንደር አይወዱም፤ ዘይት የሚይዘው ድንጋዩ የጫረው ገጽ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የደበቀው አለው ይሉ ነበር። ይህንንም በሰው ላይ ይሠሩበት ስለ ነበር፣ ፈገግ ብሎ የገባ ደንበኛ ፊቱን ካኮሳተረው ይልቅ ብዙ ይመረመር ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ከአፋቸው አይለይም ነበር።

ባለቤታቸውን ለጋብቻ በጠየቁ ጊዜ፣ ወይዘሮዋ ወዲያው እሺ ስላሉ ነገሩ አጠራጥሯቸው ትንሽ እንቆይ አሉ፤ ወይዘሮዋ ለዚህም እንዳሻህ ቢሏቸው ይበልጥ ተጠራጥረው በሳምንቱ አገቧቸው። ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ የበኩር ልጃቸው ስትወለድ ከሌላ ሕፃን ጋር እንዳትለዋወጥ ከአልጋዋ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ያቺው ልጅ አድጋ ነርስ ሆነች።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት የሚኒባስ ሹፌር ያሳደሰችው ሞተር ብዙም ሳይቆይ፣ ዘይት እንደሚያቃጥል የሚያሳብቅ ሰማያዊ ጭስ እያስከተለ ተመለሰ። ጋሽ ጥፍሩ ሲሊንደሩን እኔ ፈትሼዋለሁ፣ ጥፍሬ አልያዘም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው ብለው፣ ቀስ በል አዲሱን ቀለበት አስቀርተው አሮጌውን መልሰዋል ሲሉ በሹፌሯ ፊት ተናገሩ። ቀስ በልም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ጥፍርህን ለሐኪም አሳየው ብለው ብቻ መሣሪያቸውን ሰብስበው ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ጋሽ ጥፍሩ ይህን ቃል እንደ ስድብ ቆጥረው፣ በአጥራቸው ቀዳዳ ማዶውን እየሰለሉ ብዙ ዓመታት ተቆጠሩ። በዚያ ዘመን ሌሎች ሞተሮችም እየጨሱ ይመለሱ ነበር፤ እርሳቸውም ዘይት ሻጩን፣ ድንጋይ ሻጩን፣ የሹፌሩንም አነዳድ ጠረጠሩ እንጂ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብሎ የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም።

በመጨረሻ አንድ ቀን የጋለ የጭስ ማውጫ ተደግፈው ሳሉ፣ ግለቱን ሳይሆን የገዛ እጃቸውን የመቃጠል ሽታ አስቀድመው አወቁ። ነርሷ ልጃቸው ጣታቸውን በመርፌ ብትነካካ አይሰማቸውም፤ የስኳር ሕመም ጣታቸውን ካደነዘዘ ብዙ ጊዜ እንደ ሆነው ሐኪሙ ተናገረ። ሁሉን ሲጠረጥሩ የኖሩት ሰው ያልጠረጠሩት ያንን አንድ ጥፍር ብቻ ነበር። ልጃቸውን ይዘው፣ ዕድል ፊቷን ስታዞርባት ሚኒባሷን ወደ አቆመችው ወደ ያቺው ሹፌር ግቢ ሄደው፣ የሞተሩን ክዳን አስነሥተው ልጃቸውን ጥፍርሽን ጎትቺበት አሏት፤ ያዘባት። ሌላም ሲሊንደር ሞከረች፤ ያዘባት። በዚያው መንገዱን ተሻግረው ቀስ በል ዘንድ በመግባት፣ ሐኪሙ ጥፍሬን አየው አሉ። ቀስ በልም መፍቻ ሊዋሱ የመጡ መስሏቸው ለጥቂት ጊዜ በጥርጣሬ ካዩዋቸው በኋላ፣ ዘገየህ አሏቸው። ወዳጅነት ያጣው ያ ሁሉ ዘመን ዛሬም ያሳዝነናል።

ከዚያ ወዲህ ቀስ በል በጥፍራቸው እየፈተሹ፣ ጋሽ ጥፍሩ በጆሯቸው እያዳመጡ አብረው ሠሩ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ያንኑ ሚኒባስ ቶርኖ ቤት አስፍተው፣ እንደ አዲስ ገጥመው ለሹፌሯ መመለስ ነበር። ሕመሙ ወደ ኩላሊታቸው ዘልቆ በሆስፒታል ሲረዱ፣ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን ሳያነቡ አይውጡም ነበር። በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። አስከሬናቸው በዚያ ሚኒባስ እንዲመጣ፣ ቀስ በልም ከኋላው እየተከተሉ ጭሱን እንዲያዩ ተናዝዘው ነበርና፣ ዛሬ ጠዋት እንዲሁ ተደርጓል፤ ጭስ የለም።

ጋሽ ጥፍሩ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ያለፉ ሲሆን፣ ከሌላ እናት ቢወለዱም ወንድሜ ተብለው እንዲጻፉ ያዘዟቸውን ቀስ በልንም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ በምድር ያላገኙትን ዕረፍት፣ ያለ አንዳች ጥርጥር ይስጥልን።