ከመረቡ ማማ ላይ

አዲስ አበባ፣ አንድ የገበያ ማዕከል ላይኛው ፎቅ ላይ ባለ የልጆች መጫወቻ፤ ትንሹ ናሆም ከመረቡ ማማ ጫፍ አልወርድም ብሏል፤ አክስቱ ጥሩወርቅ ጫማዋን አውልቃ በጠባቡ ቱቦ ወደ እሱ እየወጣች ነው፣ የአስር ዓመቷ እህቱ ኤፍራታ ከፊቷ ሆና ትመራታለች።

ኤፍራታ፦ እኔ ምን ላድርገው እታለም? አልወርድም ካለ አልወርድም ነው።

ጥሩወርቅ፦ ታላቁ አይደለሽ? አባብለሽ አታወርጂውም? ኳሱ ውስጥ ተጫወቱ አልኩ እንጂ ሰማይ ቤት ውጡ አልኩ?

ኤፍራታ፦ ከላይ በመስኮቱ መንገዱ ይታያል። እማዬ ስትመጣ ቀድሜ አያታለሁ ብሎ ነው።

ጥሩወርቅ፦ እኔው አወርደዋለሁ። ወይ ጉልበቴ። ይሄ ቱቦ የሰው ነው የድመት?

ኤፍራታ፦ በሆድሽ ተሳቢ። ክርንሽን ሰብስቢው።

ጥሩወርቅ፦ ታች ያሉት እናቶች እያዩኝ ነው?

ኤፍራታ፦ አንዷ በስልኳ እየቀረጸችሽ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ትቅረጽ። ቆይ፣ ቀሚሴን መረቡ ያዘው። ነይ አላቅቂኝ።

ኤፍራታ፦ ከመጣን ጀምሮ ስልክሽን ለምንድን ነው የምታዪው?

ጥሩወርቅ፦ ሰዓት ነው የማየው።

ኤፍራታ፦ ሰዓትማ ግድግዳው ላይ አለ። ሲጠራም አታነሺውም።

ጥሩወርቅ፦ ቀሚሱን አላቅቂ አልኩሽ።

ኤፍራታ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።

ጥሩወርቅ፦ እንደ ዓሣ በመረብ ይዘሽ ነው የምትጠይቂኝ?

ኤፍራታ፦ ሌላ ጊዜማ ትሸሺኛለሽ። እማዬ የት ናት?

ጥሩወርቅ፦ ፀጉር ቤት። ነግሬሻለሁ።

ኤፍራታ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጥሩወርቅ፦ ይሄን ደግሞ ማን አስተማረሽ?

ኤፍራታ፦ አንቺው ነሽ። ትናንት እማዬ ሻንጣ ስታዘጋጅ በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ናሆም የሳለላትን ሥዕል አጥፋ ልብሷ መሃል ከተተችው። ፀጉር ቤት ሥዕል ይዞ የሚሄድ አለ?

ጥሩወርቅ፦ የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ። ዝቅ አድርገሽ አውሪ፣ ይሰማሻል።

ኤፍራታ፦ ከነገርኩሽ ብስሉ የትኛው ነው?

ጥሩወርቅ፦ ሻንጣው።

ኤፍራታ፦ ወዴት ነው የምትሄደው?

ጥሩወርቅ፦ አረብ አገር። ሰው ቤት ልትሠራ። ሁለት ዓመት ብላለች። እናንተ እኔ ጋ ትሆናላችሁ።

ኤፍራታ፦ ሄደች?

ጥሩወርቅ፦ ገና ናት። በረራዋ ማታ ነው። እግሬ ላይ ከተጠመጠሙብኝ መሄድ አልችልም፣ ወስደሽ አጫውቻቸው ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ከመጣን ጀምሮ ስትደውል ግን ምን እንደምላት ጨንቆኝ አላነሳሁላትም።

ኤፍራታ፦ አንቺ ብትሆኚስ? እናትሽ ሳትሰናበትሽ ብትሄድስ?

ጥሩወርቅ፦ ሄዳለች እኮ። አያትሽ ሆስፒታል የገባች ለት ጎረቤት ወስደው ብስኩት አስያዙን። ነገ ትመጣለች አሉን። እዚያው አረፈች። እናትሽ ያኔ የናሆም እኩያ ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ስታይ ከረመች። ግቢ ብላት አትገባም።

ኤፍራታ፦ ታዲያ ይሄን እያወቀች እኛንም እንደዚያ ታደርገናለች?

ጥሩወርቅ፦ እናትሽ አስካለ ክፉ አይደለችም። ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ነው። የቤት ኪራዩ አለ፣ የእናንተ ትምህርት አለ። ፊታችሁን ካየች ሻንጣዋን ፈትታ ብትቀመጥስ?

ኤፍራታ፦ እኔ ራሴ ሂጂ እላታለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ትያታለሽ?

ኤፍራታ፦ እላታለሁ። ናሆምንም እኔ እይዘዋለሁ። ግን ሳልላት አትሂድ።

ጥሩወርቅ፦ ብታለቅሱስ?

ኤፍራታ፦ እናለቅሳለና። ከልቅሶው የሚብሰው ናሆም በየቀኑ ትመጣለች እያለ መንገድ ሲያይ መኖሩ ነው። ያኔ ምን ልትዪው ነው? ፀጉር ቤት ናት?

ጥሩወርቅ፦ አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከዕድሜሽ ቀድሞ ነው የተወለደው።

ኤፍራታ፦ አላቀቅኩሽ። ትንሽ ተቀድዷል።

ጥሩወርቅ፦ ይቀደድ። አሁን ታክሲ ብንይዝ ሳትወጣ እንደርስባት ይሆን? መንገዱ ደግሞ በዚህ ሰዓት።

ኤፍራታ፦ አንቺ ደውዪላት። ናሆምን ለእኔ ተዪው።

ጥሩወርቅ፦ ምን ብለሽ ልታወርጂው ነው?

ኤፍራታ፦ እውነቱን ነዋ። እማዬ ልትሄድ ነው፣ ሳትሄድ እንሳማት እለዋለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ቀስ ብለሽ ንገሪው። እጁን ይዘሽ።

ኤፍራታ፦ እሺ። አነሳችው?

ጥሩወርቅ፦ ሄሎ፣ አስካለ? ከቤት እንዳትወጪ። ልጆችሽን ይዤ እየመጣሁ ነው፤ መቆጣት ከፈለግሽ ከሳምሻቸው በኋላ ትቆጪኛለሽ።