ግጥሟ የማን ናት

በጣሊያን ጊዜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በጭነት ካሚዮን ስንሄድ፣ አጠገቤ የጤፍ ጆንያ ላይ የተቀመጡ አንዲት ባልቴትና አንድ ጎልማሳ ያወሩ ነበር።

«ጣሊያን የሰቀለውን አዝማሪ ያውቁት ነበር፣ እሜቴ?»

«የልጄ ሰርግ ላይ ዘፍኗል።»

«እኔ ከዘፈነው ሁሉ ያችን የአርበኞቹን ግጥም እወዳታለሁ። በሷ የተነሳ ነው የሰቀሉት።»

«እሱ አልገጠማትም።»

«ታዲያ ማን ገጠማት?»

«እኔ ነኝ። ሰርጉ ላይ ‹ተቀበል› ብዬ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ዘፈናት።»

«ሲይዙት ለምን አልተናገረም?»

«‹ማን ሰጠህ?› እያሉ ገርፈውታል። ‹የራሴ ናት› አለ። እኔ በሬን ከፍቼ ስጠብቅ ከረምኩ፤ የመጣብኝ የለም።»

«አሁን ወዴት ነዎት?»

«እናቱ ዘንድ። እውነቱን ነግሬያት እግሯ ላይ ልወድቅ።»

ጎልማሳው ወደ ባልቴቷ ጠጋ አለ።

«ጎረቤታቸው ነኝ። ሲያለቅሱ ያችኑ ግጥም ነው የሚደጋግሙት። ‹ልጄ የገጠማት› ይላሉ። ከልጃቸው የቀረቻቸው እሷ ናት።»

ማርቆስ ስንቃረብ ባልቴቷ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«እንግዲያ የሱ ናት» አሉ። «ልቅሶ ብቻ ደርሼ እመለሳለሁ።»

እኔ ለባልቴቷ ክብር ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።